የፓሽን አበባው ለምን ይንቀጠቀጥ ነበር

ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አበባ ስስል ኖሬያለሁ። ወንዴውን፣ ሴቴውን፣ ብናኙን ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ፤ እንዲያውም ትንሽ እኮራበት ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ብናኙ ሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ እርስዎ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላየሁም። አላየሁም ማለት ግን ከበደኝና «ምዕራፉ ሳያልቅ በፎቶ አሳያችኋለሁ» አልኩ። ምዕራፉ የቀረው ሦስት ሳምንት ተኩል ነበር።

ሾኔ ከተማ ሰርግ በፎቶ የሚያነሳ የአክስቴ ልጅ አለ። ካሜራውን፣ ከሱም ጋር ማክሮ የሚሉትን ለቅርብ ነገር የተሠራ ሌንስ አዋሰኝ። ትምህርቱን በስልክ ሰጠኝ።

«አፐርቸር ማለት ሌንሱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል።»

«ገልብጠህ ነው የተናገርከው» አልኩት።

አልገለበጥኩም አለ። መምህር ስለሆንኩ ተማሪ መሆን አልወድም፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፣ ሦስቴም ያንኑ ነገረኝ።

በእኛና በጎረቤታችን ግቢ መካከል ባለው የእንጨት አጥር ላይ ፓሽን ፍሩት ወጥቶበታል። አበባው ለማስተማሪያ የተሠራ ይመስላል፤ አምስት ወንዴ፣ ሦስት ሴቴ፣ ሁሉም በግልጽ ተዘርግተው። ችግሩ አንዱ አበባ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። የሆሳዕና ነፋስ ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሥራ ይገባል። ስለዚህ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ አጥሩ ሥር መንበርከክ ጀመርኩ።

ቁጥሩን ሁለት ነጥብ ስምንት ላይ ሳደርገው አንዱ ሴቴ ጫፍ ጥርት ይልና የቀረው ሁሉ ጉም ይሆናል። ሃያ ሁለት ላይ ሳደርገው ብርሃኑ ያንስና ካሜራው እየተጎተተ ያነሳል፤ ሁሉም ነገር እኩል ይደበዝዛል። በስተመጨረሻ አሥራ አንድ ላይ ረጋሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ፎከሱን በእጅህ አታሽከርክር፤ አንድ ቦታ ቆልፈውና ራስህ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልክ ፈልገው፤ ስታነሳ ትንፋሽህን ያዝ» አለኝ።

እንግዲህ ከመንገድ በኩል የሚታየውን አስቡት። አንድ ጎልማሳ ጎህ ሲቀድ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተንበርክኳል። አንገቱን ደፍቶ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጓል። ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ትንፋሹን ይይዝና ከቆይታ በኋላ በረጅሙ ይተነፍሳል። ፎቶው ሲበላሽም «አቤት ጌታዬ» ይላል፤ ይሄን አልክድም።

ፎቶው ደግሞ ሁልጊዜ ይበላሻል። ነፋስ የለም፣ እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ፣ አበባው ግን ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን ጠረጠርኩ፣ እጄን ጠረጠርኩ፣ ቡናም ቀነስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የቤተክርስቲያን ወንድም መንገድ ላይ አቁሞ እጄን ያዘኝና «የጸሎት ርዕስህን አካፍለን» አለኝ። ምንም የለም አልኩት። «ልክ ነው፤ ጥልቅ ሸክም አይወራም» አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ለምን እንዳላረምኩት ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ሰው በጸሎተኛነት ጠርጥሮኝ አያውቅም።

መዘዙ የወረደው ባለቤቴ ላይ ነው። ባል በብርድ ከሞቀ አልጋው ወጥቶ አጥር ሥር ከተንበረከከ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሰፈራችን ይሄን ለማወቅ ማስረጃ አይፈልግም። አንድ ቀን ከሴቶች ጸሎት ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ምላሴን እንድሰበስብ ተመክሬ መጣሁ» አለች። «ምን ብዬህ ነው?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳይ የእኔም ሳቅ አፌ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። ጸለዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «እህታችን፣ ቅሬታ ካለሽ ካንቺ እንጀምር» አለ።

«እሱ ይናገር» አለች።

ካሜራውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ስጸልይ እንዳልነበር፣ አበባ ሳነሳ እንደነበር ነገርኳቸው። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«ለዚህ ነው?» አለ። «ይሄማ ደግሞ አይታይም።»

ባለቤቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሁለተኛው ሽማግሌ ግን አልሳቀም።

«ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እናት ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ መደወል ካቆመ ወራት አልፈዋል። ጸሎትም ትተው ነበር። አንተን ካዩ ወዲህ እንደገና ይንበረከካሉ። ‹ቲቸርም ሸክም አለበት፤ ብቻዬን አይደለሁም› ብለውናል» አለ።

አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

«ሄደህ ራስህ ንገራቸው» አለች ባለቤቴ።

በማግስቱ ማለዳ በጎረቤታችን በር በኩል ገባሁ። እማማ ታጥፎ የተነጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተንበርክከው፣ የአጥሩን ቋሚ እንጨት በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«እማማ» አልኩ፣ «እኔ እኮ ስጸልይ አልነበረም። ፎቶ ሳነሳ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ቀጭ ቀጭ ይላል። የሚጸልይ ሰው ቀጭ አይልም።»

«ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ሸክም አለበት ያሉት?»

«በዚህ ብርድ አበባ ፊት የሚንበረከክ ሰው ሸክም የለበትም?» አሉ። «ብቻዬን ስሆን ጉልበቴ እምቢ ይለኛል። ወዲያ ማዶ ሰው ካለ ግን አፍሬም ቢሆን እቆያለሁ። አንተ ባትጸልይ እኔ ላንተም ጨምሬ እጸልያለሁ።»

«ምን ብለው?»

«አንድ ጊዜ እንኳ እንዲሳካለት።»

ይሄን ብለው ሊነሱ እንጨቱን ሳብ አደረጉት። አጥሩ ተነቃነቀ፣ ቅጠሉ ተንቀጠቀጠ፣ በእኛ በኩል ያለው አበባም ራሱን ነቀነቀ። ለካ ይሄ ነው። ሁለት ነጥብ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ ሁለት፤ ያ ሁሉ ቁጥር ምንም አላደረገም። እንጨቱን ይልቀቁ ብላቸው መንበርከክ አይችሉም። ምዕራፉ ሊያልቅ ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ስለ እንጨቱ ሳላነሳ ተሰናብቼ ወጣሁ።

በማግስቱ በየቦታችን ተንበረከክን። ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ጠበቅኩ። ዝም ብሎ መጠበቅ ከበደኝና ስለ ልጃቸው የምችለውን ያህል አልኩ፤ ጥሩ አድርጌ አልችልበትም። ከአጥሩ ወዲያ «አሜን» ሲሉ ሰማሁ። እጃቸው እንጨቱን ለቀቀው፣ አበባውም ቆመ። ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩ።

ፎቶው አሁን ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል። ብናኙ ሴቴው ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ያቺ ተማሪም ከኋላ ሆና ቆጥራዋለች። ካሜራውን የአክስቴ ልጅ ከወሰደው ቆየ። የእማማ ስልክ ግን ገና አልጮኸም፤ ስለዚህ ማለዳ ማለዳ አሁንም ወጥቼ እንበረከካለሁ። ሰው ሲጠይቃት ባለቤቴ «ፎቶ እያነሳ ነው» ትላለች።