ትንፋሹን የያዘው ከተማ

ሁለት ጣታቸውን ያነሳሉ። ሌባ ጣታቸውንና የመሐሉን አንድ ላይ አጣብቀው፣ ከተቀመጠው ሰው አገጭ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው። አይነኩም። ቀስ ብለው ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጓቸው፣ በማይታይ ክር የታሰረ ይመስል የሰውየው አገጭ አብሮ ቀና ይላል። በቀን ሃያ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሠላሳ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲጨዋወቱ እንኳ ጣቶቹ ሳያስቡት ይነሳሉ፤ አብሯቸው ያለውም ሰው ሳያስበው ቀና ይላል።

ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ግብር ቢሮ ብቻ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ አትሳቅ» ይላቸዋል። ፎቶ አንሺ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሲያነሱ ኖረዋል። ሠርግና ልደት ድሮ ቀረ፤ አሁን ሁሉም በስልኩ ይነሳል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ግን ወደ እሳቸው መምጣቱ አልቀረም፤ የፓስፖርት ፎቶ ሕግ አለዋ። ጆሮ መታየት አለበት። ከኋላ ጥላ መውደቅ የለበትም። ጥርስ አይታይም። ስለዚህ ነጩ ጨርቅ ፊት ያለችው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሦስት ቃል ይሰማል፦ «ቀና። አትሳቅ። አትተንፍስ።» ካሜራው ቀጭ ይላል። ከዚያ አራተኛዋ ቃል ትመጣለች፦ «በቃ።» እሷ ስትባል ትከሻው ይወርዳል፣ ጉንጩ ይላላል፣ ፊቱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ «የቤቱ ኮት» ተንጠልጥሏል። ኮት ሳይዝ ለመጣ የሚዋስ ጥቁር ኮት ነው፤ ሁለተኛው ቁልፉ የለም። ቀጭን ሰው ሲለብሰው ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። ሰውየው ከፊት ሲታይ ሚኒስትር፣ ከኋላ ሲታይ የልብስ ማስጫ ገመድ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር ያለችው አንድ ልጃቸው ደወለች። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣ ወረቀቱ አልቋል። አብረን ልንኖር ነው እኮ! የቀረው ያንተ ፎቶ ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ ካልገባ ግን ፋይሉ ይዘጋል።»

«የኔ ልጅ፣ ሰሞኑን ብርሃኑ ጥሩ አይደለም።»

«አባዬ! ፎቶ ቤትህ መስኮት የለውም እኮ!»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ሰምታለች። በመሐከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ያልሰማችው ነገር የለም። ማክሰኞ ጠዋት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አገሩን ሁሉ ሸኝተው እርስዎ በር ሊዘጉ ነው እንዴ?»

«ሥራ አለብኝ።»

«ማንን ሊያነሱ? የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሳልስቅ አልነሳም።»

«ሂጂ ልብስሽን ስፊ አንቺ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ራሳቸውን ለማንሳት ሞክረው ነበር። ካሜራውን በአሥር ሰከንድ እንዲያነሳ አድርገው፣ ሮጠው በርጩማዋ ላይ እየተቀመጡ፣ ሦስት ጊዜ ተነሱ። በሦስቱም ዓይናቸው ተጨፍኗል። ስንቱን ሰው ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች መታየት ሲመጣባቸው ክድን ይላሉ። ደግሞስ በስድሳ አራት ዓመታቸው ዳቦ የሚገዙበትን ሱቅ እንኳ እንደ አዲስ ሊለምዱ ነው?

ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ከነጩ ጨርቅ ጀርባ ባለችው አግዳሚ ላይ ትንሽ ጋደም አሉ። ሕልሙ የመጣው ያኔ ነው።

ከአውቶቡስ ወርደው አንድ ሰፊ ጎዳና ላይ ቆመዋል። ሰማዩ እንደ ጨርቃቸው ነጭ ነው፤ ግን አንድም ቦታ አልተጨማደደም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እግራቸው ሥር ቢያዩ ጥላ የላቸውም። ዛፎቹም የላቸውም፤ ፎቆቹም የላቸውም። ያን ሁሉ ዓመት በአምፖልና በነጭ ወረቀት ሲያባርሩት የኖሩት ጥላ እዚህ አገር ጭራሽ አልተፈጠረም። «ወይ ጉድ!» አሉና አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ ሰዎቹን አዩ። ፌርማታው ላይ የቆመው አምና ያነሱት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከጎኑ ያለችው ሦስት ጊዜ ቪዛ ተከልክላ ሦስት ጊዜ የተነሳችው ነርስ ናት። ዳቦ ቤት ባንኮኒው ጀርባ ያሉት፣ አንዱ በሌላው ፎቶ ሊሄድ ሲል የተቆጧቸው መንታ ወንድማማቾች ናቸው። በየመስኮቱ፣ በየደረጃው፣ በየመኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ እሳቸው ያነሱት ሰው ነው። ጆሮ ሁሉ ይታያል። ወንዶቹ በሙሉ የቤቱን ኮት ለብሰዋል፤ ያንኑ ሁለተኛው ቁልፉ የጠፋውን። አልፈዋቸው ሄደው ዞር ቢሉ፣ በየጀርባው ያለው መቆንጠጫ ሽቦ ላይ እንዳረፈ ወፍ ተደርድሯል።

አንድም የሚስቅ የለም። የሚተነፍስም የለም። ሻጩ ዳቦውን እንደዘረጋ፣ ገዢዋ ልትቀበል እጇን እንደዘረጋች፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። አዲስ ኑሮ ሊጀምሩ መጥተው አንዲት ቃል ቀርታቸው ቆመዋል።

ጋሽ አትሳቅ ገባቸው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ቀና ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ እዚህ ድረስ ተከትሎ የለቀቀው ግን አልነበረም። ጎዳናው መሐል ቆመው ሁለት ጣታቸውን አነሱ። የከተማው አገጭ ሁሉ አብሮ ተነሳ። እጃቸውን አወረዱና ባላቸው ድምፅ «በቃ!» አሉ።

ከተማው ተነፈሰ። ትንፋሹ ከጎዳናው ጫፍ እንደ ነፋስ መጣ፤ መጋረጃዎቹ በየመስኮቱ ተነፉ፣ ዛፎቹ ዘመም አሉ፣ መቆንጠጫዎቹ ከየኮቱ እየተስፈነጠሩ አስፋልቱ ላይ እንደ በረዶ ወረዱ። አንዱ ሳቀ። ጎረቤቱም ሳቀ። ሳቁ ከፎቅ ፎቅ እየዘለለ ሄደ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ያላዩትን የደንበኞቻቸውን ጥርስ አዩ፦ ፍንጭቱን፣ የወርቁን፣ የሕፃናቱን የወተት ጥርስ ሳይቀር። ከየሰዉ እግር ሥርም ጥላው እንደ ውኃ ፈሶ ወጣ፤ ረጅም፣ ሰማያዊ፣ የራሱ የሰውየው ጥላ። ሲያባርሩት የኖሩት ነገር እንዲህ ያምራል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ግን አንዲት ልጅ አልተነፈሰችም። ልጃቸው ናት። ፀጉሯን ከጆሮዋ ጀርባ አድርጋ፣ የሄደች ዕለት በነበረችበት ዕድሜ ቆማለች። ሊጠሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ነቁ።

የቤቱን ኮት ከሚስማሩ አውርደው ለበሱና የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኩ።

«ነይ አንሺኝ።»

«እኔ? ምን ሆነዋል ጋሼ? ፊትዎ ሁሉ በርቷል!»

«ነይ አልኩሽ። ነገ ሐሙስ ነው።»

በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ይህችን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ካሜራው ጀርባ ተንጎማለለች፤ ሁለት ጣቷንም አነሳች።

«ቀና! ኧረ እንደሱ አይደለም፤ ጣራው ላይ ምን አለ? አይሳቁ! አይተንፍሱ! ዓይንዎን ቢጨፍኑ ደግሞ መርፌ ይዣለሁ።»

ቀጭ።

ዓይናቸው ክፍት ነበር። እሷ ፎቶውን አየች፣ ራሷን አደነቀች፣ ኮቱ ላይ ቁልፍ ልትተክል ክር ፍለጋ ኪሷን ዳበሰች። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ፊታቸው እየቀላ ነው።

«ምነው? ምን ይጠብቃሉ?»

በጣታቸው ወደ አፏ አመለከቱ።

«ውይ! በቃ፣ በቃ!»

ጋሽ አትሳቅ ተነፈሱ። ፎቶው በዚያው ከሰዓት ተላከ።

ታሪኩን ሲነግሩኝ ይህ ሁሉ ይጻፍ ብለዋል፤ ኮቱም፣ መቆንጠጫውም፣ የልብስ ሰፊዋ ፌዝም። አንዲት ነገር ብቻ ትቅር አሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጃቸውን ያቺው በርጩማ ላይ አስቀምጠው አንስተዋታል። ካሜራው ቀጭ ካለ በኋላ ግን «በቃ» አላሏትም። ረስተው አይደለም። ካሏት ተነስታ እንደምትሄድ ያውቁ ነበር። ካሜራው ጀርባ ተደብቀው ዝም አሉ፤ እሷም አገጯን ቀና አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ የአባቷን ቃል ስትጠብቅ ቆየች።