ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር የተለካ አየር

ስልኩ ሲጠራ ሱቃችን ውስጥ ዕቃ እየደረደርኩ ነበር። የምኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። የደወለችው ሆሳዕና ከተማ አብራኝ ትሠራ የነበረችው አስቴር ናት። «የታችኛው ሰፈር ሰዎች በፋብሪካው ላይ ያቀረቡት አቤቱታ ውድቅ ሆነ» አለችኝ። «ያንቺ መዝገብ ነው የቀረበባቸው። አየሩ ንጹሕ ነው ይላል።» እሷ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ሥራዬ ለመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አየር መለካት ነበር። ፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ያቃጥላል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ያንን ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚቆነጥጥ ዓይነት ሽታ ያለውን ጋዝ፣ ነፋሱ ይዞት ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። በየሳምንቱ ረቡዕ እዚያ ወርጄ፣ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ መሣሪያውን አቁሜ ቁጥሩን መጻፍ ነበረብኝ። እትዬ ዘይነባ ከቦኖሻ ገበያ ቅቤ እያመጡ የሚሸጡ፣ አስም ያለባቸው ሴት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ወረድኩ። ቁጥሩ በየወሩ ከፍ ይል ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት የጸሎት ፕሮግራም ነበረን። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከፋብሪካው በላይ፣ ጭሱ የማይደርስበት ጉብታ ላይ ናት። አንድ ቀን መሣሪያውን አጥሩ ላይ አስቀምጬ ለካሁ። «የመለኪያ ቦታ» በሚለው ላይ «ታችኛው ሰፈር» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አለቃ አላዘዘኝም፣ ፋብሪካውም አልለመነኝም። መንገዱ ከደረቀ በኋላስ ለምን አልወረድኩም? ቀለለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለለኝ። ልቤን አንጻ ብዬ ከተንበረከክሁበት ተነሥቼ፣ ወጥቼ ሐሰት እጽፍ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ገበያ ላይ አገኙኝ። «አንቺ ልጅ፣ መሣሪያሽም እንዳንቺ ጸሎት ይወዳል መሰለኝ፤ እኛ ጋ መውረድ ተወ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል ቆረጠው። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ይስቃል?

በወረቀት ላይ የሰፈሩ አየር በእኔ እጅ ተሻለ። ሲወጣ የነበረው ቁጥር ወርዶ ተኛ፤ አለቃዬም ፋብሪካው ተሻሻለ ብሎ ደስ አለው። ያኔ ያልተለካው አየር አልፏል። ተመልሼ ልለካው አልችልም።

ለእግዚአብሔር ደጋግሜ ተናዝዣለሁ። ሰላም ሲሰማኝ ያለቀ መሰለኝ። ለእትዬ ዘይነባ መናገር እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ፈርቼ ነው። ፊርማ አሰባስበው ቢሮ ለቢሮ የተንከራተቱት እሳቸው መሆናቸውን አስቴር ስትነግረኝ ግን መቀመጥ አቃተኝ። በመዝገቡ ያለው የሁለት ዓመት ቁጥር ታችኛው ሰፈር እንዳልተለካ ጽፌ፣ ፈርሜ አቤቱታውን ላየው ቢሮ ልኬያለሁ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ምስክር ያስፈልጋል ብለዋል።

እህቶቼ፣ በእነዚያ ረቡዖች አብራችሁኝ የጸለያችሁ፣ መሣሪያውን አጥሩ ላይ እያያችሁ አምናችሁኝ ያለፋችሁ፣ ወደ ቢሮው ሂዱና ያያችሁትን ተናገሩ። ለስሜ ብላችሁ ዝም አትበሉ። እትዬ ዘይነባን ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የሚኖረኝ ከዚያ በኋላ ነው።