ከበረንዳ ጓዳ፣ በሪያድ በኩል

ኑርዬ ታንኳ ላይ ሲሆን ዝም ማለት አይሆንለትም። ሐይቅ ከተማ ዳር ዓሣ ከሚያወጡት ሰዎች ሁሉ ጨዋታ አዋቂው እሱ ነው። መረብ ሲስብ አምባሰልን ያንጎራጉራል። የተያዘው ቆሮሶ ዓሣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «አንተ ደግሞ ማን ፈቅዶልህ ወጣህ?» ይለውና ወደ ውሃው ይመልሰዋል። አብረውት ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይኸው ሰው ቤቱ ሲገባ ግን አፉን ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆት የሚገባ ይመስላል። በተለይ ከልጁ ከፈሂማ ጋር።

ፈሂማ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስረኛ ክፍል ናት። ሕፃን ሳለች አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ገበያ ትወርድ ነበር። ከዚያ አደገች። ሴት ልጅ ስታድግ አባት እንዴት እንደሚያናግራት ለኑርዬ የነገረው ሰው የለም። የእሱም አባት ልጆቹን የሚያናግረው በእናታቸው በኩል ነበር፤ ስለዚህ ያየውን አደረገ።

«መስኡዳ፣ ለልጅሽ ንገሪያት፣ ሻርፗን ታስተካክል።»

ፈሂማ እዚያው አጠገቡ ቆማለች። እናቷ ዞር ትልና፣ «አባትሽ ሻርፕሽን አስተካክይ ይላል» ትላታለች። ሌላ ሰው ቢያየው ይስቅ ይሆናል። ለእነሱ ግን ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ይኸው ነበር።

ምሰሶው ከሦስት ዓመት በፊት ሪያድ ሄደ።

መስኡዳ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ስልኳን የምትሰጣት አርብ አርብ ብቻ ነው። አባትና ልጅ ግን ልማዳቸውን አልተዉም። የሰኞ ወጥ ጨው ከበዛበት ኑርዬ ነገሩን እስከ አርብ ይዞት ይቆያል። አርብ ሲደርስ ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል።

«ለልጅሽ ንገሪያት፣ ሰኞ ዕለት ጨው አብዝታለች።»

ቀጥሎ ስልኩን መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ፈሂማ አንስታው ጓዳ ትገባለች።

«ጨው ከበዛባቸው ራሳቸው ይሥሩት በያቸው!»

«እሺ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ» ትላታለች መስኡዳ። ተራው ሲደርስ ለኑርዬ የምትነግረው ግን፣ «ወላሂ ይቅርታ ይበሉኝ ብላለች» ብላ ነው።

መስኡዳ ክፉ አስባ አይደለም። ያን ያህል ርቃ ለቤቷ ልታደርግ የምትችለው ሌላ ነገር አልነበራትም። ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ሻካራ ቃል እያለሳለሰች ታቀብላለች። እንዲህ እየሆነ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ አንዱ የሌላውን እውነተኛ ቃል ሳይሰማ ብዙ አርቦች አለፉ።

ከረመዳን በኋላ ፈሂማ ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባችና፣ «እማ፣ ትምህርት በቃኝ። አንቺ ጋ ልመጣ ነው። ለአባ ንገሪልኝ» አለች። መስኡዳ እየፈራች ነገረችው። ኑርዬ ጥርሱን ነክሶ በዝግታ፣ «እኔ ሳልሞት የትም አትሄድም ብለሽ ንገሪያት» አለ። ለፈሂማ የደረሳት ግን «አባትሽ ይታሰብበት ብሏል» የሚል ነበር። ለእሷ ይህ በር እንደተከፈተ ያህል ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ኑርዬ ሐይቁ ዳር መረቡን ሲያሰጣ ሙሀይሚን መጣ። ሙሀይሚን ሰው ወደ ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው፤ ከፊቱ ሳቅ አይጠፋም።

«አብሽር ኑርዬ! በመጨረሻ ልብህ ራራ አይደል?»

«ለማን?»

«ለፈሂማ ነዋ። አባቴ ይታሰብበት ብለዋል አለችኝ። ነገ ከሰዓት ከውጫሌ መኪና ይነሳል። በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ይሻገራሉ። ከዚያ እናቷ ጋ ናት፣ ኢንሻአላህ።»

መረቡ ከኑርዬ እጅ ወደቀ።

«ከፊቴ ሂድ» አለው።

«እኔ ላይ ምን አስቆጣህ? ልጅህን ጠይቃት እንጂ!»

ሙሀይሚን ሄደ፤ ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። ልጅህን ጠይቃት። ኑርዬ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሪያድ ደወለ። ዝግ ነው። አርብ የሚመጣው ደግሞ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ኑርዬ ግድግዳውን እያየ፣ «ሰዑድ አሞታል። ነገ ጠዋት መረብ የሚያግዘኝ ሰው የለም» አለ። ሰዑድ አብሮት የሚቀዝፈው ሰው ነው፤ ምንም አላመመውም።

ፈሂማ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እኔን ነው?»

«አንቺን ነው።»

በማግስቱ ገና ጭጋጉ ውሃው ላይ ሳለ በታንኳ ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ፈሂማ የሐይቅ ልጅ ብትሆንም ታንኳ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። ኑርዬ ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ይቺን ውሃ የፈራሽ ባሕሩን እንዴት ልትሻገሪ ነው ሊላት አስቦ ነበር። የነጡ ጣቶቿን ሲያይ ተወው።

«ሊያስፈራሩኝ ነው ያመጡኝ» አለች።

«አይደለም። ቤት ውስጥ አፌ አይፈታም። የሚፈታልኝ እዚህ ነው።»

«ሙሀይሚን ነግሮዎታል?»

«ነግሮኛል።»

«ይታሰብበት ብለው የለም እንዴ?»

«እኔ? እኔ ሳልሞት አትሄድም ነው ያልኩት!»

«እማ እንደዚያ አላለችኝም።»

«አንቺስ ስለ ጨው ይቅርታ ብለሽኝ አልነበር?»

«ራሳቸው ይሥሩት ነው ያልኩት!» ብላ አፏን ያዘች።

ኑርዬ መቅዘፉን አቆመ። መቆጣት ፈልጎ ነበር፤ የመጣለት ግን ሳቅ ነው። ፈሂማም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ኑርዬ ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችልም፤ ወደ ውሃው እያየ ጠየቃት።

«ሪያድን ይህን ያህል ወደድሽው?»

«ሪያድን የት አውቄው? ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ከትምህርት ቤት መጥቼ ወሬዬን እስከ አርብ አስቀምጠዋለሁ። አርብ ሲደርስ ይጠፋኛል።»

«አታናግሪኝ አላልኩሽም።»

«አናግሪኝም አላሉኝም።»

እውነቷን ነው። ኑርዬ መረቡን መሳብ ጀመረ።

«ለሴት ልጅ ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ፈሂማ» አለ በመጨረሻ።

«ለቆሮሶ የሚያወሩትን ሰምቻለሁ፤ ሰዑድ አስመስሎ አሳይቶናል። እንደዚያ ያናግሩኝ።»

የመረቡን ጫፍ አቀበላት። አንዷን እጇን ከጠርዙ አላቅቃ ያዘችለት።

«ዛሬ ትሄጃለሽ?» አላት። ሊከለክላት አልፈለገም፤ ጠየቃት።

ፈሂማ ከመረቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ስትንፈራገጥ አገኘች፤ ፈራ ተባ እያለች አላቀቀቻትና ወደ ፊቷ አስጠጋቻት።

«አንቺ ደግሞ ማን ፈቅዶልሽ ወጣሽ?» አለቻትና ወደ ሐይቁ ለቀቀቻት።

ከሰዓት መኪናው ከውጫሌ ያለ እሷ ሄደ።

አርብ ስልኩ ሲጠራ ኑርዬ በረንዳ አልወጣም። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በመካከላቸው አስቀመጠው።

«እሺ፣ ለልጅህ ምን ልንገራት?» አለች መስኡዳ እንደ ልማዷ።

«ምንም። አጠገቤ ናት።»

«እማ፣ አባ ዛሬ ጨው አነሰ አሉኝ። እዚሁ ፊት ለፊቴ!»



«ታዲያ እኔ ምን ላውራ?» አለች መስኡዳ። እየሳቀች ይሁን እየከፋት አይለይም።

ኑርዬና ፈሂማ ተያዩ። በሦስት ዓመቱ አርቦች ሁሉ መስኡዳን ስለ ራሷ የጠየቃት አልነበረም።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» አላት ኑርዬ።



«እግሬን ያመኛል» አለች መስኡዳ።