ለአዞ የታሰበው ጉርሻ

ራዚያ ሰው ስትፈልግ ዓይኗ አይስትም። ሥራዋ ነው። ዳላስ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት አለፋት። ከአውሮፕላን ከሚወርደው ሁለት መቶ ሰው መካከል የትኛው ሽማግሌ ጉልበቱ እንደከዳው፣ የትኛዋ አሮጊት ዊልቸር አዝዛ ስታበቃ አፍራ በእግሯ ልታመልጥ እንደምትሞክር ገና በሩ ላይ ትለያለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ዓይንሽ ካሜራ ነው» ይሏታል ባልደረቦቿ።

ከአዞ ጋር ያስተዋወቃትም ይኸው ዓይኗ ነው። ልጇ ጦልሃ አምስተኛ ክፍል እያለ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ፎርት ዎርዝ ጫፍ ላይ ወዳለ የተፈጥሮ ፓርክ ወሰዳቸው። አብሮ የሚሄድ ወላጅ ጠፋ። ራዚያ የዚያን ቀን ኦፍ ስለነበረች ልጆቹን ልትጠብቅ ሄደች። ውሃው ላይ የተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ቆመው ሁሉም «አዞው የታለ? አዞው የታለ?» ሲል፣ እሷ ማዶ ሸምበቆው ሥር የተጋደመውን ግንድ ትክ ብላ አየችና «ያ ግንድ ተነፈሰ» አለች። አስጎብኚዋ ሚስ ዶና አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሯን አንስታ አየች፤ ቆየች፤ ከዚያ መነጽሩን ከአንገቷ አውልቃ ለራዚያ አጠለቀችላት።

በዚያው ቀረች። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ቅዳሜ ኦፍ በሆነች ቁጥር ፓርኩ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ታገለግላለች። ባሏ ፈክረዲን ፋርመርስ ብራንች ያለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ «የሰው ሚስት ኦቨርታይም ትገባለች፣ የኔዋ አዞ ትጠብቃለች» እያለ ይስቅባታል። ይሳቅ። እሱ የማያውቀው ነገር አለ። ኤርፖርት ውስጥ ራዚያ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጀርባ ናት። ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስልኩን እያወራ ትገፋዋለች፤ መኪናው ጋ ሲደርስ ፊቷን እንኳ ሳያይ ወርዶ ይሄዳል። ፓርኩ ውስጥ ግን ከፊት የምትሄደው እሷ ናት። ጣቷን ስትቀስር ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ጣቷ ወዳመለከተው ያያል።

እናም ባለፈው መጋቢት ድፍረት አገኘችና ሚስ ዶናን «የኛን ሰዎች በአማርኛ ላስጎብኝ» አለቻት። ሚስ ዶና አሰበችበት።

«ኦኬ፣ አንድ ጊዜ እንሞክር» አለቻት። «እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ሕጉ ከተከበረ በየወሩ ይቀጥላል። ካልተከበረ ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይሆናል።»

ራዚያ ሦስት ሌሊት በደንብ አልተኛችም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለበት የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈች፤ ከመተላለፊያው መውረድ የለም፣ ወደ አዞው መጠጋት የለም፣ ምግብ ደግሞ በፍጹም። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ጻፈቻት።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሥራ አራት ሰው መጣ። መጨረሻ ላይ የደረሰው ታክሲ ነጂው ካሊድ ነው። ጥላ ፈልጎ ፓርክ አደረገና እናቱን ደግፎ አወረደ። እማማ ዙሌይካ ከደሴ ከመጡ ስምንት ወራቸው ነው፤ አርሊንግተን ልጃቸው ቤት ተቀምጠው መውጫ ሲናፍቁ ነው የከረሙት። ትከሻቸው ላይ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥለዋል።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ! ይሄ ቦርሳ ይከብድዎታል፣ መኪና ውስጥ ይቅር።»

«ምን ይከብዳል ልጄ፣ መድኃኒቴም መስገጃዬም እዚሁ ነው።»

የሳምቡሳ ሽታ ራዚያ አፍንጫ ድረስ መጥቷል። ግን የእናት ቦርሳ ክፈቱ ይባላል እንዴ? አፈረች፤ ዝም አለች። ጥፋቷም እዚያ ላይ ነበር።

ጉዞው ተጀመረ። ካሊድ ገና ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ወሬውን ጀመረ።

«ራዚያ፣ ማለቴ፣ ይሄ አዞሽ አፖይንትመንት ሰጥቶሻል?»

«ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይወጣል። እንዳንተ ቀጥሮ አይቀርም።»

ሰው ሳቀ። እሷም ልቧ ተረጋጋና ዓይናቸውን ማሠልጠን ጀመረች። «አዞ አትፈልጉ፣ ግንድ ፈልጉ» አለቻቸው። «ውሃው ላይ ሁለት እብጠት ካያችሁ ዓይኖቹ ናቸው። ከፊት ለፊት ትንሽ ጉብ ያለችው አፍንጫው ናት። ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ያለውን በኢንች ገምቱ። ስምንት ኢንች ከመሰላችሁ ስምንት ጫማ አዞ ነው ማለት ነው። ሶ፣ ርዝመቱን ለማወቅ ሜትር ይዞ መጠጋት አያስፈልግም።»

«እኔ ግን አንድ ሰልፊ ብቻ...» አለ ካሊድ።

«በእሱና ባንተ መካከል አንድ የተማሪ አውቶቡስ የሚያቆም ቦታ ይኑር። እንደ እባብ እፍ ሲል ከሰማኸው ከልኩ አልፈሃል፤ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ።»

መተላለፊያው የሚታጠፍበት ጋ ሲደርሱ ራዚያ ቆመች። እጇን አነሳች፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ማዶ፣ ጭቃው ላይ፣ ጥቁር ግንድ ፀሐይ ይሞቃል። ግንዱ ጅራት አለው። ካሊድ እንኳ «ያ አላህ» ከማለት ሌላ የተነፈሰው ነገር አልነበረም። ከዚያ አዞው ያለ አንዳች ድምፅ ውሃው ውስጥ ገባና ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ዓይኖች ብቻ ብቅ አሉ። ርቀቱ ደህና ነው። ዝም ብሎ ያያቸዋል።

«ምስኪን!» አሉ እማማ ዙሌይካ። «ዓይኑን ጣለብን።»

ቦርሳው ተከፈተ። የፕላስቲክ ሳህኑ ክዳን ጧ አለ።

«እማዬ! ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ካሊድ።

«ቤቱ ድረስ መጥተን ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው?»

«የሰው ቤት እኮ አይደለም፣ የአዞ ነው!»

«ቤት ቤት ነው። ባለቤቱም ይኸው ሊቀበለን ወጥቷል» አሉና ወፍራሙን ሳምቡሳ መርጠው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ከኋላ ሚስ ዶና አንገቷን አሰገገች። ራዚያ ሁሉንም በአንዴ አየች፤ ሳምቡሳውን፣ የአዞውን ዓይኖች፣ የሚስ ዶናን ፊት። እንዳትጮህ፣ እናት ናቸው፣ ያውም በሰው ፊት። እጃቸውን እንዳትይዝ፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ኤርፖርት ውስጥ «ዊልቸር አልቀመጥም» ብለው የሚያስቸግሩ ሽማግሌዎችን ምን ታደርጋለች? አትጎትታቸውም። ፊታቸው ሄዳ ጎንበስ ትላለች።

በእማማና በመተላለፊያው አጥር መካከል ገባች። ጉልበቷን አጠፈችና አፏን ከፈተች።

«እማማ፣ እኔስ? ከነጋ እህል አልቀመስኩም። እሱን ከማጉረስዎ በፊት እኔን ያጉርሱኝ።»

የእማማ እጅ አየር ላይ ቆመ። የተከፈተ አፍ አልፈው የሚያጎርሱ እናት የሉም። «ውይ የኔ ልጅ! ሳትበዪ ነው ስትለፈልፊ የዋልሽው?» አሉና ሳምቡሳውን እንዳለ አፏ ውስጥ ከተቱት። ገና አላምጣ ሳትጨርስ ሁለተኛው ተከተለ። ራዚያ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጉንጯ ተወጥሮ አስረዳቻቸው።

«እማማ፣ ይሄ አውሬ ሰው ስለሚፈራ ነው በሰላም የሚኖረው። አንዴ ከሰው እጅ ከቀመሰ ሰው ባየ ቁጥር ይመጣል። ሰው የለመደ አዞ አደገኛ ነው ተብሎ ይገደላል።»

«በእኔ ሳምቡሳ?»

«በእርስዎ ሳምቡሳ።»

«አዑዙ ቢላህ!» የሳህኑን ክዳን መልሰው በመዳፋቸው መትተው ገጠሙት። ከዚያ በኋላ የፓርኩ ጠባቂ እሳቸው ሆኑ። አንዱ ኪሱ ውስጥ ገብቶ የኦቾሎኒ ከረጢት ሲያንኮሻኩሽ «መልሰው! ልታስገድለው ነው?» ብለው አፈጠጡበት። ካሊድን ማስቲካውን አስዋጡት።

መጨረሻ ላይ ሚስ ዶና ራዚያን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ሳህን ሲከፈት አይቻለሁ።»

«አዎ። ውሃው ውስጥ የገባ ግን የለም። እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነበር።»

«መኪናው ጋ ሸቶኛል» አለች ራዚያ። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ቦርሳዎን ይክፈቱ ማለት አፍሬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሚስ ዶና ፊቷን አዙራ ወደ ፓርኪንጉ ሄደች። ራዚያ እንደ ልማዷ ከኋላ ተከተለቻት።

እማማ ዙሌይካ ጠረጴዛ ይዘው፣ ሳህኑን ከፍተው፣ ሰውን ሁሉ ሲያጎርሱ ሁለቱ ደረሱባቸው። ሚስ ዶናን ሲያዩ ሳምቡሳ አነሱ። ሚስ ዶና በእጇ ልትቀበል ዘረጋች። «አይሆንም» አሉ እማማ በአማርኛ፣ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው እያሳዩ። ሚስ ዶና ራዚያን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ አፏን ከፈተች። ጭብጨባው ዛፉ ላይ ያረፉትን ወፎች አስነሳ።

አላምጣ ስትጨርስ አፏን ጠረገች። «አሁን ገባኝ» አለች። «ችግሩ ሰዓቱ ነው። የሚመጣው ወር፣ ሁለተኛው ቅዳሜ፤ ሳምቡሳው መጀመሪያ እዚህ ይበላ። ባዶ ሳህኑ መኪና ውስጥ ይቆለፍበት። ከዚያ ትወስጃቸዋለሽ።»

ማታ ራዚያ ግሩፑ ላይ አዲሱን ሕግ ጻፈች፤ «መጀመሪያ ጠረጴዛው ጋ እንበላለን። ከዚያ በኋላ አዞ ማጉረስ ያማረው ሰው ራዚያን ያጉርስ።» አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በካሊድ ስልክ የድምፅ መልእክት መጣ። የእማማ ዙሌይካ ድምፅ ነው።

«ራዚያዬ፣ ለስንት ሰው ልጥበስ? አዞውን ሳትቆጥሪ ንገሪኝ።»