የሸምሱ ስካር

ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው የፈረንጅ አገር ሰፈር ውስጥ ሸምሱን የሚያህል ጥንቁቅ ሹፌር የለም። እሱ ሲመጣ የትራፊክ መብራቱ ራሱ መጠበቅ ሰልችቶት ይቀየራል። ዘወትር ሐሙስ ከኤርፖርት ካርጎ አንድ ሳጥን ክላም ያነሣና እንግልውድ ላለው የቴዲ ፓስታ ቤት ያደርሳል። ክላም ሁለት ቅርፊት ገጥሞ ባሕር ታች አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ፍጡር ነው። ሸምሱም ሆነ ቴዲ ቀምሰውት አያውቁም፤ ፈረንጆቹ ግን ይወዱታል።

በቅርቡ ቅርፊቶቹ ስንጥቅጥቅ ብለው ይመጡ ጀመር።

«ሸምሱ፣ ወንድሜ፣ ጉድጓድ እየመረጥክ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለው ቴዲ። «እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ከሆነ ለሐሙስ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ።»

በቀጣዩ ሐሙስ ሸምሱ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ቀበቶ አስሮለት፣ ሃይዌዩን ፈርቶ በኮልፋክስ ጎዳና ነዳ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ቀደሙት። ስንጥቁ ግን እንዳለ ነው።

አንዷን ወደ ቤት ወስዶ ኮሌጅ ባዮሎጂ ለምትማረው ልጁ ለአፍናን አሳያት።

«ባባ፣ ይሄማ ስካር ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ይጠጣሉ?»

«ኖ፣ ባባ! በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠባሳ ማለቴ ነው። ክላም ለመልቀም መርከቦች ትልቅ የብረት ማረሻ እየጎተቱ የባሕሩን ወለል ያርሱታል። ትንንሾቹ ክራሽ ይሆናሉ፤ ያመለጠው ደግሞ ቆስሎ ይድናል። ላይክ፣ ከጠባሳው ወዲህ ቅርፊቱ ላይ ያሉትን ሪንጎች ቁጠር፤ በዓመት አንድ ነው። ይቺ ከቆሰለች ሁለት ዓመቷ።»

«አርሰው ምን ይዘሩበታል?»

«ምንም።»

«ምን ዓይነት ገበሬ ነው!»

በማግስቱ ሸምሱ ክላሟን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ፓስታ ቤት ገባ።

«ቴዲ፣ ምክንያቱ ታውቋል። ስካር ነው።»

ቴዲ አፈጠጠ። «አንተ? የጁምዓው ሰው? ጠጥተህ ነው የምትነዳው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ክላሙ ነው!»

«ክላሙ ነው የጠጣው?»

ነገሩ እስኪብራራ ማዕድ ቤቱ በሙሉ የሸምሱን ትንፋሽ አሸተተ። በመጨረሻ ከስንጥቁ በኋላ የበቀሉትን ሁለት ቀለበቶች በጣቱ አሳየ።

«ሁለት ዓመት! ከኤርፖርት እዚህ ድረስ ሁለት ዓመት ይፈጅብኛል?»

ቴዲ አሰበ። «ትናንትና ስጠብቅህ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።»

ያም ሆኖ ይቅርታ ጠየቀው፤ የሐሙሱም ሥራ ለሸምሱ ጸና።

ሐሙስ ደረሰ። ካርጎ ሲሄድ ሳጥን የለም። መርከቦቹ ያንኑ ቦታ ደጋግመው ስላረሱት የሚለቀም አልተረፈም፣ እስኪያገግም ዓመታት ይፈጃል አሉት የካርጎ ሠራተኞቹ።

ሸምሱ ጋቢውን አጣጥፎ ስልኩን አነሣ።

«ቴዲ፣ ደስ ይበልህ። ዛሬ አንድም የተሰነጠቀ የለም።»