ሰው የለበትም የተባለው ሰፈር

ታላቅ እህቴ እስካሁን የምትኖረው አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ሁለታችንም በተወለድንበት ቤት ውስጥ ነው። ከፊት የጨርቅ ሱቅ፣ ከጀርባ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ተደጋግፈው የቆሙ ቤቶች አሉ። ጣሪያ ከጣሪያ የተያያዘ ስለሆነ፣ ልጆች ሳለን ‹ድመት መሬት ሳትነካ ሲኒማ ራስ ትደርሳለች› እንባባል ነበር።

እኔ የምሠራው ጎርፍ በሚያጠና የምርምር ቡድን ውስጥ ነው። ክረምት ሲመጣ የትኛው ሰፈር ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው እንደሚገባ ከሳተላይት ፎቶ እየለየ የሚነግረን የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሞዴል አስመጣን። የሰለጠነው በሌላ አገር ከተሞች ፎቶ ነበር። ካርታውን ስከፍት መጀመሪያ የፈለግኩት የእህቴን ሰፈር ነው። ግራጫ ነበር። ግራጫ ማለት መጋዘን፣ ነዋሪ የሌለበት ማለት ነው። ሞዴሉ ያን ሁሉ የተጋጠመ ቆርቆሮ አንድ ትልቅ መጋዘን አድርጎት ቁጭ ብሏል።

ሄጄ ለቡድን መሪያችን አሳየሁት።

«ዶክተር፣ እዚህ እኮ ሰው ይኖራል። እህቴ እዚህ ነው የምትኖረው።»

ስክሪኑን እንኳ በወጉ አላየውም። «እህትሽ ዳታ አይደለችም» አለኝና ሳቀ። «በአጠቃላይ ውጤቱ ግሩም ነው። ለአንድ ሰፈር ብለን ሥራ አናዘገይም።»

ደሜ ፈላ። በጽሑፍም አመለከትኩ፤ መልስ የሰጠኝ የለም። ካርታው እንዳለ ሥራ ላይ ዋለ።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በላስቲክና በካርቶን የታፈነው ቱቦ ገንፍሎ ግቢውን ሞላው። ሌሎች ሰፈሮች ቀድሞ ስልካቸው ላይ መልእክት ደርሷቸዋል። እህቴ ግቢ ግን ለማንም ምንም መልእክት አልደረሰም። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን የያዘባቸው ጎረቤታችን፣ አዛውንት ልብስ ሰፊ፣ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ውሃው ፍራሻቸው ላይ ወጣ። እህቴና የሱቁ ሠራተኞች በር ነቅለው፣ በሩ ላይ አስተኝተው አወጧቸው። ነፍሳቸው ተረፈች።

በማግስቱ መሪያችንን «መጥተው በዓይንዎ ካላዩ ሥራ አልገባም» አልኩት። መጣ። እህቴ ጭቃውን በመጥረጊያ እየገፋች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ሰው የለም ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሞዴሉ ነው» አላት።

ያን ጊዜ መታገስ አቃተኝ። «ሞዴሉ ምን ያውቃል? እርስዎ ግን ተነግሮዎታል! እኔው ራሴ ነግሬዎታለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ግቢው ሁሉ ወጥቶ አየን።

አዛውንቱ የሰው ጋቢ ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደግፈዋል። «ልጄ፣ ቀስ በይ፣ እንግዳ ነው» አሉኝ።

የባሰ ያናደደኝ ይሄ ነው። ሰው የለም ብሎ ያለፋቸውን ሰውዬ እሳቸው በክብር ይቀበሉታል!

ከዚያ በኋላ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ግቢ ለግቢ እየዞርን ሰው የሚኖርበትን ጣሪያ የሳተላይት ፎቶው ላይ ምልክት አደረግንበት፤ ሞዴሉንም በዚያ እንደገና አሠለጠንነው። አሁን ሰፈሩን ያየዋል፤ መልእክትም ይደርሳል። መሪያችን ግን በስብሰባ ላይ ቆሞ «ሞዴላችን ስህተቱን በራሱ አረመ» አለ። ተነስቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። እሱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

አሁንም እዚያው እሠራለሁ፤ ብለቅ ካርታው በእሱ እጅ ብቻ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ሰላምታ እንለዋወጣለን። እጁን በጨበጥኩ ቁጥር ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሳል።