ከጭቃ የሠራነው ጮቄ

ቢቸና የሄድኩት ሒሳብ ላስተምር ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን የሒሳብ መምህር ሞልቷል ብለው የእይታ ጥበብን ሰጡኝ። «አይክበድሽ፤ ሳሉ ብለሽ መቀመጥ ነው» አሉኝ። ልቤ ሳይገባበት ጀመርኩት። ቀለም የለም፣ ብሩሽ የለም፤ ያለን እርሳስ፣ ወረቀትና ከሰል ነው።

አራተኛ ክፍሎች ግን ወደዱት። አርብ የሳሉትን ቤታቸው ይወስዱና ሰኞ እናቶቻቸው ያሉትን ይነግሩኛል። «እማዬ በሬው ከስቷል አለች!» «የኔን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው!» ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ብቻ ምንም አትልም። ወረቀቷንም ባዶውን ትመልስልኛለች። በሌላው ትምህርት ጎበዝ ናት።

አንድ ቀን ልጆቹ ሲወጡ አስቀረኋት።

«ለምንድን ነው የማትስዪው?»

ጣቶቿን እያየች፣ «እማዬ አታየውም» አለችኝ።

እናቷ፣ እሷ ገና በጀርባ የምትታዘል ሕፃን ሳለች፣ በትራኮማ ዓይናቸውን አጥተዋል። «ብታይልሽ ምን ታሳዪአት ነበር?» አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመችኝ። ጮቄ ተራራ ደመናውን ገፎ ቆሟል።

«እኔን በእጇ ዳብሳ ታውቀኛለች» አለች። «እሱ ግን እጅ አይደርስበትም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከወንዝ ዳር ጭቃ አስመጥቼ ክፍሉን ሁሉ አጨቀየሁት። ቤት የሚመርግ ሰው እንደሚያደርገው ጭድ ደባለቅንበት። ሌሎቹ በሬና ጎጆ ሲሠሩ እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ምላሷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ አንዴ ወደ ተራራው አንዴ ወደ ጭቃው እያየች ትጠፈጥፋለች። ሲያልቅ ሳይደርቅ በጣውላ ላይ አድርገን፣ አንዱን ጫፍ እሷ ሌላውን እኔ ይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን።

እናቷ በራፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ማነው አብሮሽ ያለው?»

«መምህሬ ናት፣ እማዬ።»

እንዝርቱን አስቀምጠው ሊነሱ ሞከሩ። «ይግቡ፣ ይግቡ መምህር! ምን አጥፍታ ነው?»

«ኧረ ምንም አላጠፋችም፤ አይነሱ፣ እናቴ። የሠራችውን ልታሳይዎት ነው።»

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «እስቲ ታሳየኝ።»

ልጅቱ የእናቷን እጆች ይዛ ጭቃው ላይ አኖረቻቸው። ጣቶቻቸው ከግርጌው ጀምረው ቀስ እያሉ ወጡ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ… ጮቄ ነው እንዴ?»

«አዎ!» ልጅቱ ዘለለች።

የእናትየው እጆች ወደ ጀርባው ዞሩ። ጀርባው እንደ ግድግዳ ልሙጥ ነው።

«ይሄኛው ወገን ምነው ተቆረጠ?»

«ከዚያ ወዲያማ አይታይም።»

«ከዚህ ነው የማይታይ። እኔ የማውቀው በዚያ በኩል ነው። በግንደወይን መንገድ አምጥተው ለዚህ አገር ዳሩኝ እንጂ ያደግሁት ሞጣ ነው። ጭቃ ተርፏችኋል?»

በላስቲክ ጠቅልለን ያመጣነው ነበር። እጅጌያቸውን ሰብስበው የሞጣውን ወገን መሥራት ጀመሩ። «ይሄ ገደል ነው። እዚህ ጋ ገባ ይላል፤ ሸለቆ ነው። አንቺን ሳክል እዚያ እንጨት እንለቅም ነበር።» ልጅቱ ትከሻቸው ላይ ተደግፋ ትጠይቃለች፤ እሳቸው እየሠሩ ይመልሳሉ። ስለ ልጅነታቸው ያን ያህል ሲያወሩላት ያን ቀን የመጀመሪያዋ እንደሆነ ኋላ ነገረችኝ። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ።

«ድምፅሽ የልጅ ነው» አሉኝ ድንገት፣ አንቱታውን ትተው። «አንቺም ልጅ ነሽ? በይ እጅሽን አምጪ፤ እዚህ ጋ ያዥልኝ።» የሚናደውን ገደል በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ባዶ ወረቀት መልሳልኝ አታውቅም። ወረቀቱንም ተወችው፤ ካርቶን ፈልጋ በእስክሪብቶ ጫን እያለች ትስላለች። እናቷ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው ዶሮውን ከድመቱ ይለያሉ፤ ሲሳሳቱም ሁለቱ ይሳሳቃሉ።

ኋላ እኔ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። እንደደረስኩ ሰማዩ ጠርቶ ሲያገኘኝ ተራራውን ትክ ብዬ አየሁት። ገደሉ እሳቸው እንደሠሩት ነው። ሸለቆውን ግን አጣሁት። ደውዬ ነገርኳቸው።

«ከሩቅማ አይታይም» ብለው ሳቁብኝ። «ሲገቡበት ነው።»

ልጅቱ ስልኩን ተቀበለቻቸው። ቢቸና ላይ ዝናብ እንደጣለ፣ ጭቃውም ለሥራ ደህና እንደሆነ ነገረችኝ። የሞጣ ልጆች ምን እንደሚሠሩ ጠየቀችኝ። ገና ነው፣ ሰኞ እንጀምራለን አልኳት።